ደብዛዛ የግዛት ወሰንን ከድሮ ካርታ ወደ ዲጂታል መገልበጥ፦ ደረጃ በደረጃ

የድሮ ካርታ ስካን አድርገው ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «ወሰኑ እስከዚህ ድረስ በነጠብጣብ ይመጣል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ ቀለም ብቻ ነው ያለው። ማውሱን የት ላሳርፈው?» መልሴ ይህ ነው፦ ማውሱን ከማንሳታችሁ በፊት ወሰኑ ለምን እንደደበዘዘ ለዩ፤ ስታሰምሩም ጥርጣሬውን ከመስመሩ ጋር አብራችሁ መዝግቡት። ጂአይኤስ (የካርታ መረጃ የሚሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም) «ምናልባት እዚህ ይሆናል» የሚል መስመር በራሱ አያውቅም። ያሰመራችሁትን ሁሉ እንደ ተረጋገጠ ወሰን አድርጎ ያሳያል፤ ከእናንተ የተቀበለው ሰውም እንደዚያው ያምናል።

መመሪያው የተጻፈው በነጻ በሚገኘው ኪውጂአይኤስ ለሚሠሩ ነው። በሌላ ፕሮግራም ለምትሠሩ የትእዛዞቹ ስም ይለያል እንጂ ሥራው ያው ነው። የጠቀስኳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የካርታው ስካን፣ በቲፍ ፋይል፣ ከ300 እስከ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነሱ ነጥቦች ብዛት)። ጄፔግ ፋይሉን ለማሳነስ ሲል የቀጫጭን መስመሮችን ጠርዝ ስለሚያደበዝዝ ሌላ ምርጫ እስካለ ድረስ አትጠቀሙበት።
- ኪውጂአይኤስ የተጫነበት ኮምፒውተርና ማውስ። በላፕቶፕ መዳሰሻ ረጅም ወሰን ማስመር እጅን ያደክማል፤ የደከመ እጅ ደግሞ ይስታል።
- የማመሳከሪያ ካርታ፦ ከኦፕንስትሪትማፕ (ነጻ የኢንተርኔት ካርታ) የተወሰዱ ወንዞች፣ የባሕር ዳርቻዎችና ከተሞች፣ እንዲሁም የሳተላይት ምስል።
- ስለ ወሰኑ የተጻፈ ማንኛውም ነገር፦ የውል ጽሑፍ፣ የወሰን ኮሚሽን ዘገባ፣ የግብር መዝገብ፣ የመንገደኛ ማስታወሻ። ካርታው ዝም ባለበት የሚናገረው ጽሑፍ ነው።
- የሥራ ማስታወሻ ፋይል። እያንዳንዱን ውሳኔ ከነምክንያቱ የምትጽፉት እዚህ ላይ ነው። ከወራት በኋላ «ይህን መስመር ለምን እዚህ አሳለፍኩት?» ስትሉ መልስ የምታገኙት ከዚህ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ካርታውን በዓይን አንብቡ

ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ አምስት ነገሮች ፈልጉ።

መጀመሪያ ዓመቱን። ካርታው የታተመበት ዓመትና የሚያሳየው ዘመን ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። አሳታሚዎች አንዴ የተቀረጸ የመዳብ ሰሌዳ ለብዙ ዓመታት ያትሙበት ስለነበር ርእሱና ዓመቱ ተፍቆ ሲታደስ ወሰኑ የድሮው ሆኖ የቀረበት ካርታ ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛ የኬንትሮሱን መነሻ። ግሪንች በዓለም አቀፍ ጉባኤ የተመረጠው በ1884 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ በአንዳንድ አገሮችም ከዚያ በኋላ፣ ፓሪስና ፌሮ (ከካናሪ ደሴቶች አንዷ) በሰፊው ያገለግሉ ነበር። ፓሪስ ከግሪንች በስተምሥራቅ 2°20′14″ ላይ ነው፤ ፌሮ በተለምዶ በስተምዕራብ 17°40′ ተብሎ ይወሰዳል። ስለዚህ በፓሪስ ካርታ ላይ 40° ምሥራቅ የሚለው በግሪንች 42°20′14″ ይሆናል፤ በፌሮ ካርታ ላይ 40° የሚለው ደግሞ 22°20′ ነው። ፓሪስን ግሪንች ብሎ የወሰደ ሰው በምድር ወገብ አካባቢ ወሰኑን 260 ኪሎ ሜትር ያህል ያሸሸዋል።

ሦስተኛ ስኬሉን፣ አራተኛ የምልክት መግለጫውን። መግለጫው ነጠብጣቡን «አስተዳደራዊ ወሰን»፣ ሰረዙን «በግምት» ቢለው ያ ቃል በቃል በደረጃ 6 ወደምታዘጋጁት ሠንጠረዥ ይገባል።

አምስተኛ ቀለሙን። የቀለም ኅትመት በ19ኛው ክፍለ ዘመን እስኪስፋፋ ድረስ የካርታ ቀለም የሚቀባው ከታተመ በኋላ በእጅ ነበር። በዚህ ምክንያት ከአንድ ሰሌዳ የወጡ ሁለት ቅጂዎች የተለያየ የቀለም ወሰን ሊኖራቸው ይችላል። በሰሌዳው ላይ የተቀረጸ ነጠብጣብና ከላዩ የተቀባ ቀለም ካልተገጣጠሙ ሁለት ምስክሮች ናቸውና ለየብቻ መዝግቧቸው፤ አማካያቸውን አትውሰዱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፊደላቱ ተራርቀው በሰፊው የተዘረጋ የግዛት ስም ወሰን አይደለም። ጸሐፊው ፊደላቱን የዘረጋው ባዶ ቦታ ባገኘበት ነው። ስሙ «እዚህ አካባቢ ነው» ከማለት አልፎ የመጨረሻው ፊደል የቆመበት ግዛቱ ያለቀበት ነው አያሰኝም።

ደረጃ 2፦ ስካኑን አዘጋጁ

ካርታው በጠፍጣፋ ስካነር ላይ ቢነሳ ይመረጣል። ከስልክ ውጪ ከሌላችሁ ካርታውን ዘርግታችሁ ከአናቱ በቀጥታ አንሱት፤ ከጎን የተነሳ ምስል አንዱን ዳር አሳጥሮ ያመጣል። የተጣበቁ ወይም የታጠፉ ብዙ ገጾች ያሉት ካርታ ከሆነ እያንዳንዱን ገጽ ለየብቻ ስካን አድርጉና ለየብቻ አገጣጥሙ። ወረቀት በእርጥበት ይሸበሸባል፣ በእጥፋቱም ያጥራል፤ አንዱ ገጽ የሳበውን ስሕተት ሌላው መሸከም የለበትም።

ዋናውን ስካን በሌላ ቦታ አስቀምጡና በቅጂው ሥሩ።

ደረጃ 3፦ ወሰኑ ለምን ደበዘዘ?

ይህን ደረጃ የሚዘልሉ ብዙ ናቸው። ቀሪው ሥራ የሚቃናውም የሚበላሸውም ግን እዚህ ነው፤ ምክንያቱም «ደብዛዛ» በሚለው አንድ ቃል ሥር ቢያንስ አምስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፣ የሁሉም አሳሳል ይለያያል። ወሰኑን ክፍል በክፍል እየተከተላችሁ ለእያንዳንዱ ክፍል ከሚከተሉት አንዱን ስጡት።

ሀ. ወሰኑ በመሬት ላይ የታወቀ ነበር፤ ካርታው ግን ሻካራ ነው። ሕዝቡም ሹማምንቱም በየትኛው ወንዝ ወይም ሸንተረር እንደሚያልፍ ያውቁ ነበር፣ ካርታ ሣዩ ግን አላየውም። አንድ መስመር ይሰመራል፤ ጥርጣሬው በሜትር በሚለካ ስፋት ይገለጻል።

ለ. ወሰኑ አከራካሪ ነበር። እዚህ ብዥታ የለም፤ ሁለት ጥርት ያሉ መስመሮች አሉ። በግብፅና በሱዳን መካከል የ1899ኙ ስምምነት 22° ሰሜን ኬክሮስን ወሰን አደረገ፤ በ1902 ደግሞ ከእሱ የሚለይ አስተዳደራዊ መስመር ተደረገ። ሐላይብም (ሁለቱም አገሮች የእኔ ነው የሚሉት)፣ ቢር ጠዊልም (ሁለቱም የእኔ ነው የማይሉት) የወጡት ከሁለቱ መስመሮች ልዩነት ነው። እንዲህ ያለውን ሁለቱንም ለየብቻ አስምሩ፤ የማን መስመር እንደሆነም ጻፉ። በመሐላቸው ሦስተኛ መስመር ካበጃችሁ ማንም ያልጠየቀውን ወሰን ፈጠራችሁ ማለት ነው።

ሐ. ቦታው የጋራ ነበር ወይም በስምምነት ለማንም አልተሰጠም። በ1922 በዑቀይር የተደረሰው ስምምነት በነጅድ (በኋላ የሳዑዲ ዓረቢያ አካል የሆነው) እና በኩዌት መካከል ገለልተኛ ቀጠና አስቀመጠ። የኦሪገን ምድርም ከ1818 ስምምነት እስከ 1846 ድረስ ለአሜሪካና ለብሪታንያ ዜጎች እኩል ክፍት ነበር። እነዚህ ራሳቸውን የቻሉ ፖሊጎኖች (ዙሪያቸው የተዘጋ ቅርጾች) ናቸው፤ ለአንዱ ጎረቤት አትስጧቸው፣ እኩል አትክፈሏቸው።

መ. መስመር ጨርሶ አልነበረም። የገዢው ሥልጣን ከማእከሉ እየራቀ ሲሄድ እየሳሳ፣ ግብሩም በየዓመቱ የማይገባ እየሆነ ያልቃል። የበረሃና የግጦሽ ዳርቻዎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው። እዚህ መስመር አይሰመርም፤ ቀጠና ነው የሚሠራው፤ በደረጃ 8 ታገኙታላችሁ።

ሠ. ካርታ ሣዩ አላወቀም። መስመሩ የጠፋው መረጃው እዚያ ላይ ስላለቀበት ነው። ይህን ከ«መ» ጋር አታምታቱ። «ወሰን አልነበረም» እና «ሣዩ አላወቀውም» የተለያዩ ናቸው፤ የሚለያቸውም ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ካጣችሁ ክፍሉን «አይታወቅም» ብላችሁ ክፍት ተዉት።

ደረጃ 4፦ ካርታውን ከምድር ጋር አገጣጥሙ

በኪውጂአይኤስ «ሌየር» ከሚለው ሜኑ «ጂኦሪፈረንሰር»ን ክፈቱ፤ በቀደሙት ቅጂዎች «ራስተር» ሜኑ ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ በድሮው ካርታ ላይ የምታውቁትን ቦታ እየጠቆማችሁ በዛሬው ካርታ ላይ ያለበትን ታሳዩታላችሁ።

ነጥብ የሚሆነው ከዘመኑ ያልተንቀሳቀሰ ነገር ነው፦ የድሮ ቤተ አምልኮ፣ ምሽግ፣ ጠባብ የወንዝ መሻገሪያ፣ ወደ ባሕር የገባ የድንጋይ አፍንጫ። ደለል ያለበት የወንዝ አፍ፣ የሐይቅ ዳርና የከተማ መሐል አይታመኑም፤ ይሸሻሉ፣ ያድጋሉ። ከ15 እስከ 25 ነጥብ ፈልጉ፤ የተወሰኑት በካርታው አራት ማዕዘን፣ የቀሩት ግን ወሰኑ በሚያልፍበት አካባቢ ይሁኑ። ማእከሉ ላይ የታጨቁ ነጥቦች ካርታው በሙሉ የገጠመ ያስመስላሉ፤ ወሰኑ ያለበት ዳር ግን ተንጋዶ ይቀራል።

«ለምን በካርታው ላይ ባሉት የኬክሮስና የኬንትሮስ መስመሮች አላገጣጥመውም?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። ይቻላል፤ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። በመስመሮቹ ስታገጣጥሙ የምታገኙት ሣዩ ቦታው ያለበት የመሰለውን ነው። በቦታዎቹ ስታገጣጥሙ ደግሞ ቦታው በእርግጥ ያለበትን ታገኛላችሁ። በድሮ ካርታ ኬክሮሱ ደህና ሆኖ ኬንትሮሱ ብዙ ሊስት ይችላል፤ በጉዞ ላይ ኬንትሮስን መለካት ከባድ ነበርና። ወሰኑ ከመንደርና ከወንዝ ጋር የተያያዘ ከሆነ በቦታዎቹ አገጣጥሙ። በኬክሮስ የተወሰነ ከሆነ ደግሞ ከካርታው ላይ መገልበጡ ራሱ አያስፈልግም፤ ደረጃ 7ን ተመልከቱ።

የለውጡ ዓይነት ምርጫ እንዲህ ነው፦

- ፖሊኖሚያል 1፦ ቢያንስ 3 ነጥብ ይፈልጋል። ካርታውን ያዞራል፣ ያሰፋል፣ ያጋድላል እንጂ አያጎብጠውም። በጥሩ ሁኔታ ለተቀየሰ ካርታ በዚህ ጀምሩ።
- ፖሊኖሚያል 2፦ ቢያንስ 6 ነጥብ። ለሻከረ ካርታ ይበቃል።
- ፖሊኖሚያል 3፦ ቢያንስ 10 ነጥብ። ነጥብ በሌለበት ጠርዝ ላይ ካርታውን በኃይል ስለሚያጣምመው እኔ አልመክረውም።
- ቲን ፕሌት ስፕላይን፦ ካርታውን እንደ ጎማ እየሳበ እያንዳንዱን ነጥብ በቦታው ያስቀምጣል። እጅግ ለተዛባ ካርታ አማራጭ የለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቲን ፕሌት ስፕላይን በነጥቦቹ ላይ የሚያሳየው ስሕተት ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ነው፤ በነጥቦቹ ላይ በግድ ስለሚያልፍ። ይህን ዜሮ አይታችሁ ካርታው ትክክል ነው አትበሉ። የትኛውንም ዓይነት ብትመርጡ አምስት ያህል ነጥቦችን ሳታስገቡ በተለየ ሌየር (በካርታው ላይ የሚደረብ የመረጃ ንብርብር) አስቀምጧቸው። ካርታው ከተገጣጠመ በኋላ እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሳቱ በርቀት መለኪያው ለኩ። የካርታችሁ ስሕተት የሚባለው ይህ ነው።

አንድ ነጥብ ብቻውን ብዙ ከሳተ ከመሰረዛችሁ በፊት መርምሩት። መንደሩ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሰፍሮ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ቦታዎች አሉ። የነጥቦቹን ፋይል አስቀምጡ፤ ያለሱ ሥራችሁን ማንም ሊፈትሽ አይችልም።

ስለ ዳተም (ካርታው የተቀየሰበት የምድር መለኪያ መነሻ) የሚጨነቁ አሉ። በ1፡1,000,000 ካርታ ላይ የ200 ሜትር የዳተም ልዩነት 0.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከተሰመረው ወሰን ውፍረት ያነሰ። በትልቅ ስኬል የቅየሳ ካርታ ላይ ግን ችላ አይባልም።

ደረጃ 5፦ ጥርጣሬውን በሜትር አስሉ

«በግምት» ማለት ብቻ ለማንም አይጠቅምም፤ ቁጥር ያስፈልጋል። ሦስት የስሕተት ምንጮችን አስቡ።

የመስመሩ ውፍረት፦ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነ መስመር በ1፡1,000,000 ካርታ ላይ 500 ሜትር ምድር ይሸፍናል፤ በ1፡4,000,000 ላይ 2 ኪሎ ሜትር። የማገጣጠሙ ስሕተት፦ በተለዩት ነጥቦች የለካችሁት። የእጃችሁ ስሕተት፦ አንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ አስምሩና መስመሮቹ ምን ያህል እንደተራራቁ ተመልከቱ። የስካኑ ድርሻ ከእነዚህ አንጻር ትንሽ ነው፤ በ300 ዲፒአይ አንዱ ፒክስል 0.085 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በ1፡1,000,000 ላይ 85 ሜትር ይሆናል።

ሦስቱን ዝም ብላችሁ አትደምሩ፤ እያንዳንዱን በራሱ አባዙ፣ ደምሩ፣ ከድምሩ ስኩዌር ሩት አውጡ። ማገጣጠሙ 2,000 ሜትር፣ መስመሩ 1,000 ሜትር፣ እጃችሁ 500 ሜትር ቢስት ጠቅላላው 2,300 ሜትር ያህል ነው። ትልቁ ስሕተት ሌሎቹን እንደሚውጣቸው ልብ በሉ። ማገጣጠሙ 2 ኪሎ ሜትር እየሳተ መስመሩን በ50 ሜትር ትክክለኛነት ለማስመር መድከም ጊዜ ማባከን ነው።

ደረጃ 6፦ ሠንጠረዡን ሳታሰምሩ አዘጋጁ

አዲስ የመስመር ሌየር ጂኦፓኬጅ በተባለው የፋይል ዓይነት ፍጠሩ። ሼፕፋይል የተባለውን የቆየ የፋይል ዓይነት አልመክርም፤ የዓምድ ስም ከ10 ባይት በላይ አይቀበልም፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል። በአማርኛ የሰየማችሁት ዓምድ ከሦስት ፊደል በኋላ ይቆረጣል ማለት ነው።

የፖሊጎን ሌየር ሳይሆን የመስመር ሌየር ያልኩት በምክንያት ነው። የአንድ ግዛት ወሰን በሰሜን የተረጋገጠ፣ በደቡብ የተገመተ ሊሆን ይችላል። ፖሊጎን አንድ መረጃ ብቻ ስለሚይዝ ይህን መለየት አይችልም፤ ክፍል ክፍል የሆነ መስመር ግን ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ይይዛል።

ዓምዶቹ፦

- በግራና በቀኝ ያለው ግዛት (ሁለት ዓምድ)
- የብዥታው ዓይነት፣ ከሀ እስከ ሠ
- ምንጩ፦ የካርታው ርእስ፣ ገጹ፣ ቅጂው የሚገኝበት ቦታ
- የታየበት ዓመትና የዘመን አቆጣጠሩ
- ወሰኑ መኖሩ ምን ያህል እርግጥ ነው? ከ1 እስከ 4
- ቦታው ምን ያህል እርግጥ ነው? ከ1 እስከ 4
- የጥርጣሬው ስፋት በሜትር
- ማስታወሻ

ሁለቱን የእርግጠኝነት ዓምዶች አንድ አታድርጉ። ካርታው ወሰኑን በታወቀ ሸንተረር ላይ ካሳለፈው ቦታው ፍጹም ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለ ወሰን በእርግጥ መኖሩ ግን ሊያጠራጥር ይችላል። ተቃራኒውም አለ፦ ውል ስላለ መኖሩ የማያጠራጥር፣ የት እንደሚያልፍ ግን የማይታወቅ።

ለቁጥሮቹ ቋሚ ፍቺ ስጡ። እኔ ለቦታው የምጠቀምበት፦ 1 ጽሑፍም ካርታም ሲስማሙ፤ 2 በካርታው ላይ ያልተቋረጠ መስመር ሲኖር፤ 3 ነጠብጣብ ወይም ቀለም ብቻ ሲሆን፤ 4 እኔ ራሴ አገናኝቼው ሲሆን።

ስለ ዓመቱ፦ አንድ ካርታ ብቻ በእጃችሁ ካለ «ከዚህ ዓመት እስከዚያ» ብላችሁ አትሙሉ። የምታውቁት በአንድ ዓመት መታየቱን ነው፤ «የታየበት ዓመት» ያልኩት ለዚህ ነው።

ደረጃ 7፦ ክፍል በክፍል አስምሩ

1. የማየት ስኬላችሁን ወስኑና አትቀያይሩት። ለ1፡1,000,000 ካርታ 1፡250,000 አካባቢ ይበቃል። እያጎላችሁ ስትሄዱ የወረቀቱን ቃጫና የቀለሙን ፍሳሽ መገልበጥ ትጀምራላችሁ።

2. ስናፒንግን (ጫፎችን በራሱ የሚያጣብቀውን) አብሩ። የአንዱ ክፍል መጨረሻ ከሚቀጥለው መጀመሪያ ጋር በትክክል ካልተያያዘ በደረጃ 10 ፖሊጎን አይወጣላችሁም።

3. በመስመሩ መሐል ላይ ሂዱ፤ በነጠብጣቡም በነጥቦቹ መሐል። ቀለም ብቻ ከሆነ በቀለሙ ጠርዝ ሂዱና የቀለሙን ቅብ ወርድ ለካችሁ ወደ ጥርጣሬው ስፋት አስገቡ።

4. ምንጩ፣ የምልክቱ ዓይነት ወይም እርግጠኝነቱ በተለወጠ ቁጥር መስመሩን አቁሙና አዲስ ክፍል ጀምሩ። ነጠብጣቡ ወደ ቀለም ሲቀየር ያ መቁረጫችሁ ነው።

5. የእያንዳንዱን ክፍል ዓምዶች ወዲያው ሙሉ። «በኋላ እሞላዋለሁ» የተባለ ዓምድ ባዶ ይቀራል።

6. መስመሩ በጠፋበት ቀጥ አድርጋችሁ አታገናኙ። ማገናኘት ካስፈለገ ክፍሉን 4 ብላችሁ ምክንያቱን ጻፉ፦ «ውሉ ሸንተረሩን ይከተላል ስለሚል» ዓይነት።

ሁለት ጉዳዮች ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ወንዝ ነው። ካርታው ወሰኑን በወንዝ ላይ ሲያሳልፍ የዛሬውን ወንዝ መስመር ቀድቶ መለጠፍ ያጓጓል። ወንዝ ግን ይሸሻል። ሪዮ ግራንዴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ደቡብ በመሸሹ አሜሪካና ሜክሲኮ በቻሚሳል መሬት እስከ 1963 ስምምነት ድረስ ተከራክረዋል። ገደል ውስጥ በሚሄድ ወንዝ ላይ የዛሬውን መስመር ብትወስዱ ችግር የለውም። በሜዳ ላይ የሚጠማዘዝ ከሆነ ግን በሳተላይት ምስሉ ላይ የድሮ መሄጃውን ጠባሳ፣ ማለትም ከወንዙ ተቆርጠው የቀሩትን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸውን ኩሬዎች ፈልጉ፤ የጥርጣሬውንም ስፋት በወንዙ መዋለያ ሜዳ ልክ አድርጉት።

ሁለተኛው በኬክሮስ ወይም በኬንትሮስ የተወሰነ ወሰን ነው። ይህን ከካርታው ላይ አትገልብጡት፤ ከቁጥሩ ሥሩት። ሁለት ጫፎችን ብቻ ማገናኘት ግን አይበቃም። ኬክሮስ በብዙ ፕሮጀክሽኖች (ክብ ምድርን በጠፍጣፋ ካርታ ማሳያ ዘዴዎች) ላይ ስለሚጎብጥ በየተወሰነ ርቀት ነጥብ ጨምሩበት። በምድር ላይ የወሰን ምልክት ከተተከለ ደግሞ ምልክቶቹ ከቁጥሩ ሊለዩ ይችላሉ፤ በአሜሪካና በካናዳ መካከል ያለው የ49° ወሰን በቅየሳው ምክንያት ከትክክለኛው ኬክሮስ ወዲያና ወዲህ ይላል። የትኛውን እንደወሰዳችሁ ማስታወሻው ውስጥ ጻፉ።

ደረጃ 8፦ መስመር ለሌለው ወሰን ቀጠና ሥሩ

«መ» ላላችኋቸው ክፍሎች ሁለት መስመር ሥሩ። የውስጠኛው፦ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ምንጮች የግዛቱ ነው ይላሉ። የውጨኛው፦ ከዚህ ወዲያ የግዛቱ ነው የሚል አንድም ምንጭ የለም። በመካከላቸው ያለው ደብዛዛው ቀጠና ነው። የጂአይኤስ ሰዎች ይህን አሠራር እንቁላልና አስኳል ይሉታል፤ አስኳሉ እርግጠኛው፣ ነጩ ክፍል አጠራጣሪው።

ሁለቱ መስመሮች የሚሠሩት በስሜት አይደለም። ግብር የከፈለ፣ ዳኛ የተሾመበት፣ ጦር የሰፈረበት ተብሎ የተጻፈን እያንዳንዱን ቦታ በነጥብ ሌየር አስገቡ፤ ከነዓመቱ። ውስጠኛው መስመር በተደጋጋሚ የተጠቀሱትን ያቅፋል፤ ውጨኛው አንድ ጊዜ ብቻ የተጠቀሱትንም ይጨምራል። የቦታ ስፋት የሚጠይቃችሁ ካለ ሁለት ቁጥር ስጡት፦ ትንሹንና ትልቁን።

ለ«ሀ» ክፍሎች ሥራው ይቀላል። በመስመር ዙሪያ ቀጠና የሚያበጀውን በፈር የሚለውን ትእዛዝ ክፈቱና ርቀቱን ከስፋት ዓምዳችሁ እንዲያነብ አድርጉ። ማስጠንቀቂያ፦ ሌየሩ በዲግሪ ከሆነ ፕሮግራሙ 2,300ን እንደ ዲግሪ ይቆጥረዋል። አስቀድማችሁ በሜትር ወደሚለካ ፕሮጀክሽን ለውጡት።

ደረጃ 9፦ በሌላ ካርታ ፈትሹ

ሌላ የዘመኑን ካርታ ፈልጉና ከደረጃ 1 ጀምሮ ራሱን አስችላችሁ ሥሩት፤ የመጀመሪያውን መስመር ሌየር ከዕይታ ደብቁት፣ ዓይናችሁ እንዳይከተለው። ከዚያ አነጻጽሩ።

ግን ካርታዎች እርስ በርሳቸው ይገለበጣሉ። በ1798 በወጣ ካርታ ላይ በምዕራብ አፍሪካ የተሣሉት የኮንግ ተራሮች በምድር ላይ አልነበሩም፤ ሆኖም ካርታ ሣዮች እየተቀባበሉ ሲሥሏቸው ቆይተው ከ1887 እስከ 1889 በተደረገ ጉዞ ነው የሌሉ መሆናቸው የተረጋገጠው። አሥር ካርታዎች አንድን ወሰን በአንድ ቦታ ማሳለፋቸው አሥር ምስክር ላያደርጋቸው ይችላል። የመገልበጥ ምልክቱ የጋራ ስሕተት ነው፦ ያው የተሳሳተ የስም አጻጻፍ፣ ያው ያልነበረ ሐይቅ፣ ያው የተንጋደደ የወንዝ ኩርባ። እንዲህ ካያችሁ ሁለቱን እንደ አንድ ምንጭ ቁጠሩ፤ እርግጠኝነቱን አታሳድጉ።

ደረጃ 10፦ ፖሊጎን አውጡ

መስመሮቹ ግዛቱን የማይዘጉት ከሆነ መዝጊያ ጨምሩ፦ የባሕር ዳርቻ፣ የካርታው ጠርዝ፣ ወይም «ሠ» የተባለው ክፍት ቦታ። በዓይነት ዓምዱ «መዝጊያ» በሏቸው፤ በሚታይ ካርታ ላይ እንደ ወሰን መውጣት የለባቸውም። ከዚያ «ፖሊጎናይዝ» የሚለውን ትእዛዝ አስኪዱ። ያልወጣ ፖሊጎን ካለ አንድ ቦታ ያልተያያዘ ጫፍ አለ፤ ቶፖሎጂ ቼከር ያሳያችኋል። ስፋት ስትለኩ ስፋትን የማያዛባ ፕሮጀክሽን ተጠቀሙ።

ዋናው ሥራችሁ ምንጊዜም የመስመር ሌየሩ ነው። ማረም ሲያስፈልግ መስመሩን አርሙና ፖሊጎኑን እንደገና አውጡ፤ ፖሊጎኑን በእጅ አትነካኩ።

ደረጃ 11፦ ስታሳዩትና ስትሰጡት

እርግጠኝነት 1 እና 2 የሆኑትን ባልተቋረጠ መስመር፣ 3ን በሰረዝ፣ 4ን በሳሳ ነጠብጣብ አሳዩ። ለቀጠናዎች ሼፕበርስት ፊል የተባለው አሞላል ከጠርዙ ወደ ውስጥ እየደመቀ ስለሚሄድ ይስማማል። በኢንተርኔት ካርታ ላይ ከሆነ ከዋናው ካርታ ስኬል በላይ እንዳይጎላ ገደብ አድርጉበት፤ ከ1፡1,000,000 ካርታ የተወሰደ መስመር በሰዎች ቤት መካከል ሲያልፍ መታየት የለበትም።

ይህንን በብርቱ አሳስባለሁ፦ ያሰመራችሁት ሕያው ሰዎች ከሚኖሩበት መሬት ላይ ነው። ፋይሉን ስትሰጡ ምንጩን፣ የሚያሳየውን ዓመት፣ የጥርጣሬውን ስፋትና «የዛሬን ወሰን አያመለክትም» የሚል ጽሑፍ በፋይሉ ውስጥም በምስሉም ላይ አኑሩ። ምስሉ ከፋይሉ ተለይቶ ይዞራልና።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

- መስመሩን ለማሳመር ማለስለስ። «ስሙዝ» የተደረገ መስመር ያልተጻፈ ኩርባ ይጨምራል።
- የድሮውን ወሰን ከዛሬው አስተዳደራዊ ወሰን ጋር ስናፕ ማድረግ። ከተገጣጠሙ በማስረጃ ይገጣጠሙ።
- በ1፡10,000,000 የተዘጋጀውን ናቹራል ኧርዝ የተባለ የካርታ መረጃ ለ1፡500,000 ካርታ ማመሳከሪያ ማድረግ። ማመሳከሪያው ከሚመሳከረው የሻከረ መሆን የለበትም።
- የመስመሩን አቅጣጫ መገልበጥና ግራና ቀኙን መርሳት። አቅጣጫው ሲገለበጥ በዓምዱ ያሉት ሁለቱ ግዛቶችም ቦታ መለዋወጥ አለባቸው።
- የቦታ ስሞችን በዛሬው አጻጻፍ ብቻ መመዝገብ። ካርታው ላይ ያለውን እንዳለ በአንድ ዓምድ፣ የዛሬውን በሌላ ጻፉ፤ መገልበጥን የሚያጋልጠው የድሮው አጻጻፍ ነው።
- ክፍት መቅረት ያለበትን ክፍል መሙላት። ባዶው ክፍል ለሚቀጥለው ሠራተኛ የት መፈለግ እንዳለበት ይነግረዋል፤ በግምት ሲሞላ ግን ማንም ተመልሶ አይፈልገውም።